አንድ ሙሉ ቀን በ41 ደቂቃ፦ የሙዲ ብሉዝን «ዴይስ ኦቭ ፊውቸር ፓስት» እንዴት እንስማው?

ለብዙ ዓመታት ቴፕና ካሴት ስጠግን ኖሬያለሁ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ቴፕ የበላው ካሴት ይዞልኝ መጣ። የቴፑ ክር ሁለት ቦታ ተበጥሷል፤ አንድ ስንዝር የሚሆነው ደግሞ ተጨማዷል። ብሎኖቹን ፈታሁ፤ የተበጠሱትን ጫፎች በምላጭ አስተካክዬ አጣበቅኳቸው፤ ክሩን በእስክሪብቶ አጠንጥኜ ወደ ቦታው መለስኩት። መሥራቱን ለማረጋገጥ ሳጫውተው ቀስ ያለ፣ ሐዘን ያጠላበት ዘፈን ወጣ። ከድምፃዊው ጀርባ ብዙ ቫዮሊን የሚመስል ነገር እንደ ማዕበል ይነሳል፣ ይወድቃል። የተጨማደደው ቦታ ሲደርስ ድምፁ ለአፍታ ተንገዳግዶ ተስተካከለ። መፍቻዬን አስቀምጬ እስኪያልቅ ሰማሁት።

ዘፈኑ «ናይትስ ኢን ዋይት ሳቲን» እንደሚባል ያወቅኩት ከካሴቱ ወረቀት ላይ አንብቤ ነው። የወጣበትን አልበም፣ የእንግሊዙን ባንድ የሙዲ ብሉዝን «ዴይስ ኦቭ ፊውቸር ፓስት»፣ ሙሉውን አግኝቼ ለመስማት ግን ዓመታት ወሰደብኝ። ስሰማውም ሁለት ነገር ገባኝ። አንደኛ፣ ይህ ዘፈን ለብቻው የሚሰማ ሳይሆን የአንድ ረጅም ቀን ማብቂያ ነው። ሁለተኛ፣ እነዚያ ቫዮሊኖች በስቱዲዮው ውስጥ አልነበሩም፤ የሰማሁት እንደ ካሴቱ ሁሉ የቴፕ ክር ድምፅ ነበር። ብዙ ሰው ያቺን አንድ ዘፈን ብቻ ይዞ ስለሚሄድና ከፊቷ ያለው ሰላሳ አራት ደቂቃ ስለሚያመልጠው፣ እኔ አልበሙን የምሰማበትን መንገድ እዚህ ላስቀምጥ።

ከመስማታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ጥቂት ታሪክ ይበቃል። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። ሙዲ ብሉዝ በ1964 በእንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ከተማ ተመሠረተ። መጀመሪያ የሚጫወተው ሪትም ኤንድ ብሉዝ ነበር፤ «ጎ ናው» የተባለው ሥራው በ1965 መጀመሪያ በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል። ከዚያ ገበያው ቀዘቀዘ። በ1966 ድምፃዊው ዴኒ ሌይንና የቤዝ ተጫዋቹ ክሊንት ዋርዊክ ለቀቁ፤ በምትካቸው ጀስቲን ሄይዋርድና ጆን ሎጅ ገቡ። ኪቦርዱ ላይ ማይክ ፒንደር፣ ፍሉቱ ላይ ሬይ ቶማስ፣ ድራሙ ላይ ግሬም ኤጅ ቀሩ። እነዚህ አምስት ሰዎች የሌላውን ዘፈን መጫወት ትተው የራሳቸውን መጻፍ ያዙ።

አልበሙ የተቀዳው በ1967 መኸር ለንደን ውስጥ በዴካ ኩባንያ ስቱዲዮ ነው፤ በኖቬምበርም ደራም በተባለው የኩባንያው ሌብል ወጣ። ያኔ «ፕሮግረሲቭ ሮክ» የሚለው ስም፣ ማለትም ሮክን ከክላሲካል ሙዚቃ ጋር ለሚያዋህድ እንዲህ ላለ ሥራ የሚሰጠው፣ ገና በሰው አፍ አልገባም ነበር። የባንዱ አባላት ደጋግመው እንደተናገሩት፣ ዴካ የፈለገው የቼኩን የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲ የድቮርዣክን ሲምፎኒ በሮክ እንዲጫወቱለትና አዲሱን የስቴሪዮ አቀዳዱን እንዲያስተዋውቁለት ነበር፤ እነሱ ግን በምትኩ የራሳቸውን ዘፈኖች ቀዱ። በሥራው ላይ የነበረው የድምፅ መሐንዲስ ዴሪክ ቫርናልስ ይህን ታሪክ አልተቀበለውም። እኔ ለማድመጡ የሚጠቅመውን ያህል ብቻ ይዤዋለሁ፦ ከመነሻው ስቴሪዮ ታስቦበት የተሠራ አልበም ስለሆነ በአንድ ስፒከር መስማት ግማሹን እንደ መጣል ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከንጋት እስከ ሌሊት የአንድ ተራ ሰው አንድ ቀን። ጀግና የለውም፤ የሚወሳሰብ ታሪክም የለውም። ለኮንሴፕት አልበም፣ ዘፈኖቹ ሁሉ በአንድ ሐሳብ ለተያያዙበት አልበም፣ አዲስ ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ሌሎቹን ለመረዳት ታሪኩን የሚያብራራ ወረቀት ይዞ መቀመጥ ይጠይቃል፤ እዚህ ግን መንጋትና መምሸት ምን እንደሆነ ካወቃችሁ ይበቃችኋል።

የትኛውን ቅጂ?

ይህ በጣም ስለሚያሳስበኝ ትንሽ ልቆይበት። የ1967ቱ የስቴሪዮ ማስተር ቴፕ፣ ቅጂዎቹ ሁሉ የሚወጡበት ዋናው ቴፕ፣ በጊዜ ብዛት ተጎድቶ ስለነበር በ1978 አልበሙ ከየትራኩ እንደገና ተደባለቀ፤ ማለትም እንደገና ሚክስ ተደረገ። ለብዙ ዓመታት በሲዲ ሲሸጥ የኖረው ይህ ሁለተኛው ነው። መጥፎ አይደለም፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ግን አንዳንድ ነገር ጎድሎበታል። ለምሳሌ «ዶውን ኢዝ ኤ ፊሊንግ» መሃል ላይ ፒንደር ተቀብሎ ሲዘፍን ከጀርባው የነበሩት አጃቢ ድምፆች በ1978ቱ አይሰሙም፤ ፒንደር ብቻውን ባዶ ክፍል ውስጥ የቆመ ይመስላል። በ2017፣ ለ50ኛ ዓመቱ በወጣው ዕትም፣ የ1967ቱ ሚክስ ተመልሷል። ምርጫ ካላችሁ እሱን ፈልጉ። የድሮ ሸክላ በእጃችሁ ካለ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ፤ መርፌው ላይ አቧራ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ፤ አልበሙ በሹክሹክታ የሚጀምርባቸው ቦታዎች ብዙ ስለሆኑ ጭረትና አቧራ ቶሎ ይሰማል።

በስልክ ወይም በኮምፒውተር የምትሰሙ ከሆነ የዘፈኖቹን ተራ የሚያዘበራርቀውን ሹፍል አጥፉ። በራሱ ሌላ ዘፈን የሚያስከትለው አውቶፕሌይም ይጥፋ፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ። በዘፈኖች መካከል የሰከንድ ባዶ የሚጨምር ማጫወቻ ካላችሁ ያንን የሚያስቀር ማስተካከያ ፈልጉለት፤ ትራኮቹ እጅ ለእጅ የተያያዙ ስለሆኑ እያንዳንዷ ባዶ ሰከንድ ስፌቱን ትተረትረዋለች።

የመጀመሪያው ማድመጥ

አንድ ጊዜ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሌላ ሥራ ሳትሠሩ ስሙት። ሰባት ትራክ ነው። መብራት ማጥፋት ግዴታ አይደለም፤ ስልክ ማስቀመጥ ግን ግዴታ ነው። በዚህ ዙር ግጥሙን አታንብቡ፤ ማን ምን እንደሚጫወትም አትጨነቁ። አንድ ነገር ብቻ ተከታተሉ፦ አሁን ስንት ሰዓት ነው? ብርሃኑ ከየት በኩል ነው የሚመጣው? እኔ ስሰማ ሰዓቱን በቃል መመለስ የማልችልበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ቀስ ብሎ ሲነጋ ይሰማኛል። ጠዋት ላይ የሬይ ቶማስ ፍሉት ይመጣል፤ ልጆች ሜዳ ላይ የሚጫወቱበት ሰዓት ነው። ከዚያ የከተማ ሩጫ፣ ሆን ተብሎ የተጣደፈ ኦርኬስትራ፣ ወዲያው «ፒክ አወር» የተባለው የሎጅ ሮክ።

እዚህ ላይ ሸክላው ይገለበጣል። ሸክላ የሌላችሁም ብትሆኑ ይህን ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ገጽ የሚያልቀው ቀትር ላይ ነው። ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ተነሥቶ ሸክላውን ሲገለብጥ ቀኑም አብሮ ይገለበጣል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ትሄዳለች። ስለዚህ በማንኛውም ማጫወቻ ብትሰሙ ከአራተኛው ትራክ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል አቁሙ። ተነሡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ተመለሱ። መቋረጥ የሚፈቀደው እዚህ ቦታ ብቻ ነው።

ስፌቱን መፈለግ

ሁለተኛውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስሙት። አሁን ጆሯችሁን መጋጠሚያዎቹ ላይ አድርጉ።

ባንዱና ኦርኬስትራው አብረው ቁጭ ብለው አልተጫወቱም። ባንዱ መጀመሪያ ዘፈኖቹን ቀዳ። አቀናባሪው ፒተር ናይት እነዚያን ሰምቶ፣ ከዜማቸው ቃርሞ፣ በመካከላቸው የሚገቡትን ድልድዮች ጻፈ፤ ከዚያ ለሥራው የተሰባሰቡ ሙዚቀኞችን መርቶ ቀዳቸው። በሽፋኑ ላይ «ለንደን ፌስቲቫል ኦርኬስትራ» የተባሉት እነዚህ ናቸው። በመጨረሻ ክሩ ከክር ጋር ተጋጠመ። አብዛኛውን አልበም የምትሰሙት በተራ ነው፦ አንዴ ባንድ፣ አንዴ ኦርኬስትራ።

ክር ቆርጦ መቀጠል ሥራዬ ስለነበር ይህ ክፍል ልቤን ይነካዋል። መጥፎ ቅጥል ወዲያው ያስታውቃል፤ ድምፁ ይዘላል። ጥሩ ቅጥል የሚገኘው አንዱ ድምፅ እየሞተ ሌላው በሚወለድበት ቦታ ነው። «ትዩዝደይ አፍተርኑን» ሊያልቅ ሲል ያንን አዳምጡ። ከሰዓት በኋላ በሜዳ ላይ ብቻውን የሚሄድ ሰው ዘፈን ነው፤ በራሱ ጊዜ ይጀምራል፣ መሃል ላይ ይፈጥናል፣ ይመለሳል። ከዚያ ኦርኬስትራው ያንኑ ዜማ ከባንዱ እጅ ተቀብሎ ይወስደዋል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ባንዱ ያቆመበት ነው ባላችሁት ቅጽበት አውርዱት። መልሳችሁ ብትሞክሩት ሌላ ቦታ ታወርዱታላችሁ። ይህን ጨዋታ በየመጋጠሚያው ድገሙት።

በዚሁ ዙር የመጀመሪያውን ትራክ «ዘ ዴይ ቢጊንስ»ን እንደ ማውጫ ስሙት። ናይት ወደፊት የሚመጡትን ዘፈኖች ዜማ እየቆነጠረ እዚህ አስቀምጧል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ዝም ብሎ የሚያምር ኦርኬስትራ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን የሌሊቱ ዘፈን ገና ሳይነጋ ሲያልፍ ታገኙታላችሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሁሉም ድልድይ አንድ ዓይነት ጥራት የለውም። ጠዋቱና የምሳ ሰዓቱ ላይ ያለው የኦርኬስትራ ጽሑፍ ለእኔ ስኳሩ በዝቶበታል፤ የዘመኑን የፊልም ሙዚቃ ይመስላል። ብዙ አድማጭ እዚያ ላይ ተስፋ ቆርጦ አልበሙን ይዘጋል። አትዝጉት። ከገጽ ሁለት ጀምሮ ነገሩ ይከብዳል። በተለይ «ዘ ሰንሴት» የፒንደር ሥራ ነው፤ ከበሮው ቆዳ ቆዳ ይሸታል፣ ዜማው ከምሥራቅ አገር የመጣ ይመስላል። ቀጥሎ የቶማስ «ትዋይላይት ታይም» በተደጋጋሚ የፒያኖ ምት እየነዳ ያመሻል። የሎጅ «ታይም ቱ ጌት አወይ»ም እጅግ የተዘነጋ ዘፈን ነው፤ ድምፁን ወደ ላይ አውጥቶ የሚዘፍንበትን ቦታ ጠብቁ፤ ከሥራ ወጥቶ የሚተነፍስ ሰው ነው የሚሰማኝ።

ሜሎትሮኑን ከኦርኬስትራው መለየት

ከዚህ አልበም አንድ ነገር ብቻ ተምሮ የሚሄድ ሰው ካለ ይህን እንዲማር እፈልጋለሁ።

ሜሎትሮን በእንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ይሠራ የነበረ ኪቦርድ ነው። ፒንደር እዚያ ፋብሪካ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል ሠርቷል። ክዳኑን ብትከፍቱት ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንድ የቴፕ ክር ተዘርግቶ ታያላችሁ። ማርክ ቱ የተባለው ባለ ሁለት ኪቦርድ ሞዴል በእያንዳንዱ ጎን 35 ቁልፍ አለው፤ ስለዚህ 70 ክር ማለት ነው። በክሩ ላይ አንድ የቫዮሊን ቡድን አንዲት ኖታ ብቻ ይዞ ሲጫወት ተቀድቷል። ቁልፉን ስትጫኑ ክሩ ድምፁን ከሚያነበው ሄድ ጋር ይጠጋል፣ የሚሽከረከረው ዘንግ ይጎትተዋል፣ ድምፁ ይወጣል። ስትለቁት ክሩ ወደ መነሻው ይመለሳል። የምትይዙት ለስምንት ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ክሩ ያልቃል፣ ድምፁም ይቆማል።

ፒንደር የራሱን ማሽን ያገኘው በበርሚንግሃም ከሚገኘው የደንሎፕ ጎማ ፋብሪካ የሠራተኞች ክበብ ነው። ውስጡ የባቡር ፊሽካና የዶሮ ጩኸት የመሳሰሉ የማጀቢያ ድምፆች ክሮች ነበሩበት፤ እነሱን አውጥቶ በቦታቸው የቫዮሊኖቹን ክሮች እጥፍ አድርጎ አስገባ። ማሽን ከፍቶ የማያስፈልገውን አውጥቶ የሚወደውን የሚጨምር ሰው ሁሌም ይማርከኛል።

አሁን ወደ ጆሯችሁ። እውነተኛው ኦርኬስትራ ይተነፍሳል፤ የቀስቶቹ መንካት ይሰማል፣ ጮክ ሲል ሁሉም አብሮ ያድጋል፣ በግራና በቀኝ ተዘርግቶ ትልቅ ክፍል ይሞላል። ሜሎትሮን ግን ድንገት ይነሣል፤ መጀመሪያው ቆርጦ እንደገባ ነው፣ መጨረሻውም እንደተጣለ ነው። መሃሉ ላይ በጣም ቀጭን መንቀጥቀጥ አለበት፤ ጠጋኝ ሆኜ ለዓመታት ያባረርኩት መንቀጥቀጥ ነው፤ ሞተር ፍጥነቱን ትንሽ ሲስት የሚመጣ። በቴፕ ላይ ብሰማው ቀበቶውን እቀይር ነበር። እዚህ ግን ውበቱ እሱ ነው፤ ያለ እሱ የቀዘቀዘ የማሽን ድምፅ ብቻ ይቀር ነበር።

መለማመጃው እንዲህ ነው። «ናይትስ ኢን ዋይት ሳቲን»ን ክፈቱ። ዘፋኙ እየዘፈነ ሳለ ከኋላው የሚነሣው ቫዮሊን ሜሎትሮን ነው። ዘፈኑ ወደ ማብቂያው ሲደርስ የሚቀበለው ደግሞ የናይት ኦርኬስትራ ነው። በአንድ ትራክ ውስጥ ሁለቱ ተከታትለው ስለሚመጡ ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለም። ሁለት ሦስት ጊዜ ከደጋገማችሁት በኋላ ወደ «ትዩዝደይ አፍተርኑን» ተመለሱ፤ አንዴ ከለያችሁት በኋላ አይጠፋችሁም።

የሌሊቱ ዘፈን

ጀስቲን ሄይዋርድ ይህን ዘፈን የጻፈው ገና በ19 ዓመቱ ነው። መነሻው አንዲት ወዳጁ የሰጠችው የሳቲን አንሶላ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። ምቱን በጣታችሁ ቁጠሩት፦ አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት ጊዜ፣ እንደገና። ቁጥሩ አይቸኩልም። እንቅልፍ ያጣ ሰው አልጋው ላይ እንደሚገላበጠው ዓይነት ነው። መሃል ላይ ሁሉም ሰከን ይልና የቶማስ ፍሉት ብቻውን ይወጣል፤ ፍሉቱ ጠዋት ላይ ከልጆቹ ጋር የነበረው ያው ፍሉት ነው። ነጠላውን ዘፈን ብቻ የሚሰማ ሰው ይህን አያገኘውም፤ ጠዋቱን አልሰማማ።

በ1967 እንግሊዝ ውስጥ በነጠላ ሲወጣ 19ኛ ደረጃ ላይ ቆመ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደርሷል፤ አልበሙም ያኔ እዚያ ሦስተኛ ወጣ። ሰዎች ለመስማት አምስት ዓመት ወስዶባቸዋል፤ ስለዚህ እናንተም በመጀመሪያው ዙር ካልገባችሁ አትጨነቁ።

ግጥሙን አሁን አንብቡት። የዘፈኖቹ ስንኞች ቀላል ናቸው፤ ብዙ መቆፈር አያስፈልጋቸውም። ልብ ማለት የሚገባችሁ በንባብ የሚቀርቡት ሁለቱ ግጥሞች ናቸው። የጻፋቸው ድራመሩ ግሬም ኤጅ ነው፤ ቃሉ በዝቶ ለዜማ ስላልተመቸ በንባብ ቀረ። ያነበበው ግን ፒንደር ነው፤ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ። ሁለተኛው ግጥም በምሽት በየክፍላቸው ያሉ ሰዎችን አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ አንዱ ያፈቅራል፣ አንዱ ብቻውን ነው፣ አንዲት እናት ልጇን ታጠባለች፣ ሽማግሌዎች ወጣት በሆንን ይላሉ። ከዚያ ስለ ጨረቃ ይናገራል፤ ልበ ቀዝቃዛ ናት፣ ቀለምን ከዓይናችን ትወስዳለች፣ ቀዩን ግራጫ ቢጫውን ነጭ ታደርጋለች። እውነቱ የትኛው፣ የዓይን ማታለያው የትኛው እንደሆነ የምንወስነው ግን እኛ ነን ይላል።

ከዚያ ጎንግ ይመታል። ድምፁ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ አትንቀሳቀሱ፤ አውቶፕሌይ አጥፉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው፤ ሌላ ዘፈን እላዩ ላይ እንዳይወጣበት። ጸጥ ሲል የመጀመሪያውን ትራክ እንደገና ክፈቱ። አራት ደቂቃ ገደማ ኦርኬስትራው ይጫወታል፤ ቀጥሎ የፒንደር ድምፅ ይገባል። የሚጀምረው አሁን በጨረሳችሁት ቃል፣ ቀለም በምትወስደው ጨረቃ ነው፤ ብቻ በዚህኛው በኩል ሊነጋ ነው።